«ወርቃማ ነዶ» በእግሯ የሄደችበት ቀን

በፈረንጆች 1995 ነበር፤ ኦገስት ውስጥ፣ ቅዳሜ ቀን። ወይስ በ1996? የ1995 በጋ ዝናብ ጠፍቶ የገደሉ ሣር ሁሉ የነደደበት ነው ይላል ሰው ሁሉ፤ እኔ የማስታውሰው ግን የኤፊ ጉርሌይን የራሰ ካፖርት ነው። ምናልባት ያራሰው የባሕር ጉም ይሆናል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ትነግረኝ ነበር። የኤፊ ቤተሰብ ጀልባ ከተሰባበረች በኋላ መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ የጀልባዋ ነገር ባይሆን ኖሮ ኤፊ በዚያ ጉልበቷ ያን ሁሉ መንገድ አትወጣም ነበር።

ኤፊ የሥጋ አክስቴ አይደለችም፤ በስኮትላንዷ መንደራችን በፒትሄቨን ግን የጎረቤት ሴት ሁሉ አክስት ነች። ቤታችንና ቤቷ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ስለነበር ሳል ሲይዛት ከአልጋዬ ሆኜ እሰማት ነበር። በልጅነቷ ከመንደሩ ሴቶች ጋር የሄሪንግ ዓሣ ሆድ ዕቃ እያወጣች፣ የዓሣውን መንጋ ተከትላ ጠረፉን ከሰሜን እስከ ደቡብ ዞራዋለች። ቢላዋው እንዳይቆርጣቸው ጣቶቿን በጨርቅ የመጠምጠም ልማድ ነበረባት፤ ካረጀች በኋላም ሐሳብ ሲገባት መሀረቧን በጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ባሏ ጆክ የዓሣ ጀልባውን «ወርቃማ ነዶ»ን አሠርቶ፣ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ትቶላቸው፣ በአልጋው ላይ ሞተ። በእኛ ዘንድ በአልጋው የሞተ ዓሣ አጥማጅ እንደ ዕድለኛ ስለሚቆጠር ሰው ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ሳይሆን እንኳን ደስ አለሽ ሊል የመጣ ይመስል ነበር ትል ነበር፣ እየሳቀች።

«የሀብት ፍለጋ» የምንለውን ጨዋታ የጀመረችው እሷ ናት። በየዓመቱ በመንደሩ የበዓል ሳምንት መጨረሻ፣ ቤተሰቦች ከፒትሄቨን ተነስተው በገደሉ ሥር ባለው መንገድ ወደ ሴንት ሞዳን፣ ከዚያም ወደ ኤልበርን በእግራቸው ይሄዳሉ። ጥያቄው በወረቀት ላይ ነው፤ መልሱ ግን ግድግዳ ላይ፣ በር ራስ ላይ፣ የወደብ ድንጋይ ላይ ተሸሽጎ ይጠብቃል። በጠረፋችን ሰዎች ሲጋቡ የሁለቱን ስም የመጀመሪያ ፊደልና ዓመቱን ከበራቸው በላይ በድንጋይ ያስቀርጹ ስለነበር ለጥያቄ የሚሆን ነገር አይጠፋም። ኤልበርን ወደብ ላይ ከረሜላ የሞላበት የዓሣ ሣጥን ይጠብቃል። ልጆች ለሣጥኑ ይሮጣሉ። ትልልቆቹ የሚሮጡት ለሌላ ነገር ነው፤ ቤተሰብ የሚመዘገበው በአባት ስም ሳይሆን በጀልባ ስም ነው፤ ያሸነፈችው ጀልባ ስም አዳራሻችን ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ጀልባዋ ብትሸጥም ብትሰምጥም በስሟ መሄድ ይቻላል። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለ፤ የተመዘገበው ሰው በሙሉ አንድ ላይ ካልደረሰ ጀልባዋ ወደብ ገባች አይባልም። ጥያቄ የሚያወጣው ቤተሰብ ስለማይወዳደር «ወርቃማ ነዶ» አንድም ቀን ተሰልፋ አታውቅም።

ልጆቿ ዋቲና ሳንዲ ይባላሉ። ዋቲ ታላቅ ነው፤ ካፒቴኑም እሱ ነበር። ዓሣው እያለቀ ነው ተብሎ፣ ጀልባውን ሰባብሮ ሥራውን ለሚተው ሰው መንግሥት ካሣ የሚሰጥበት ዘመን ነበር። ሳንዲ ለጓደኛው ሊሠራለት ወደ ሼትላንድ ደሴቶች በሄደበት ሳምንት ዋቲ ፈረመ። ሳንዲ ሲመለስ ጀልባዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ አገኘ። የካሣውን ድርሻ ዋቲ በበሩ ሥር ቢያስገባለትም፣ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቤታቸው ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት አንዱ መጋረጃ ሲከፍት ሌላው ይዘጋል።

በዚያ ዓመት የበዓሉ ሳምንት ሲቀርብ ኤፊ እኛ ኩሽና ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ፣

«ዘንድሮ ጥያቄውን ሌላ ሰው ያውጣው» አለች።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ሚስዝ ፕሪንግል። ከኤዲንብራ የመጣችው። ግድግዳ ስታይ አይደል የምትውለው?»

«አንቺስ?»

«እኔ እሄዳለሁ። ከልጆቼ ጋር።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከየትኛው ልጅሽ ጋር?»

«ሁለት ነው የወለድኩት። አዋላጄ አንቺ ነበርሽ፣ ረሳሽው?»

«አይሉሽም፤ እሺ ካሉሽ ኮፍያዬን እበላለሁ።»

«ጨው ጨምሪበት» አለች ኤፊ፤ መሀረቧን ግን በጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር።

ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው አላውቅም። ጉልበቴ ተበላሽቷል፣ በዚህም በዚያም የሚደግፈኝ ካልኖረ አልችልም፣ ብላለች አሉ። ያን ቀን ጠዋት ወደቡ ላይ ሲመጡ ግን አየሁ፤ ዋቲ በቀኟ፣ ሳንዲ በግራዋ። የዋቲ ልጅ ኪርስቲ ወረቀቱን ይዛ ፊት ፊት ትዘላለች። እኔ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፤ ሥራዬ ከሁሉ ኋላ እየሄድኩ መንገድ የጠፋበትን መሰብሰብ ነው። «መጥረጊያዋ» ይሉኛል። ከሁሉ ኋላ የነበሩት እነሱ ስለሆኑ መንገዱን በሙሉ ከእነሱ ጋር ሄድኩ።

«በማን ስም ነው?» አለ መዝጋቢው፣ ስሙን እያወቀ።

«‹ወርቃማ ነዶ›» አለች ኤፊ፣ ወደቡ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «አራት ሰው።»

መዝጋቢው ቀና ብሎ ሁለቱን ወንድማማቾች አየ። ዋቲ ጫማውን፣ ሳንዲ ባሕሩን ያያል።

መጀመሪያ ላይ የሚነጋገሩት በኪርስቲ በኩል ነበር።

«ኪርስቲ፣ አባትሽን መንገዱ በታች በኩል ነው በይው።»

«አባዬ፣ አጎቴ ሳንዲ መንገዱ—»

«ሰምቻለሁ። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ አያቱ ትወድቃለች በይው።»

«አያቱ አይደለችም፣ እናቱ ናት» አለች ኪርስቲ።

«እናንተ እንዲህ ከሆናችሁ የማንም እናት አይደለሁም» አለች ኤፊ። «ደግሞ ልጅቷን ቴሌፎን አታድርጓት፤ የሚናገር ነገር ያለው በቀጥታ ይናገር።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም መንገዱን ብቻ እያዩ ሄዱ። ጉሙ ከባሕር ላይ እየተጎተተ መጥቶ ገደሉን ሸፈነው። ኤፊ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያለች ታርፋለች፤ ባረፈች ቁጥር ሁለቱም እኩል ክንዳቸውን ያጠብቃሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳያት፣ አንዳንዴ ሳይደክማት የምትቆም ይመስለኝ ነበር።

ሴንት ሞዳን ስንገባ ጥያቄው፣ ከድሮው ሉካንዳ ቤት በር በላይ ምን እንስሳ ተቀርጿል የሚል ነበር። ሚስዝ ፕሪንግል የመንደር ሰው ብትሆን ይህን አትጠይቅም ነበር። በዓሣ አጥማጅ ቤት ያ እንስሳ በስሙ አይጠራም። በጀልባ ላይ ቢጠራ ጉዞው ይሰረዛል፤ በየብስ ከተጠራ ደግሞ የሰማ ሁሉ ሮጦ ቀዝቃዛ ብረት መንካት አለበት። ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ መልሱን በምልክት ወይም በሥዕል እንደሞሉት ኋላ አየሁ። ኪርስቲ ግን ድንጋዩን ቀና ብላ አየች፣ አባቷን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ዓይኗ ውስጥ ተንኮል ሲገባ እኔም አየሁ።

«አሳማ!» ብላ ጮኸች።

ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እናታቸውን ለቀው ዘለሉ። በአካባቢው የነበረው ብረት የሉካንዳው የደረጃ መደገፊያ ብቻ ነበር። የሳንዲ እጅ ቀደመ፤ የዋቲ እጅ ላዩ ላይ አረፈ።

«አሳማ አሳማ አሳማ!» ትላለች ኪርስቲ እየተሽከረከረች።

«ዝም አስብላት!» አለ ሳንዲ፣ እየሳቀ፣ በቀጥታ ለወንድሙ። «ልታሰምጠን ነው!»

«በምን ጀልባ?» አለ ዋቲ፣ እሱም እየሳቀ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። እጆቹ ግን ብረቱ ላይ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ትንሽ ቆዩ። ኤፊ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፣ ልትጸልይ ፈልጋ ቃሉ የጠፋባት ትመስላለች።

«በእግራችንም ቢሆን ታሰምጠናለች» አለች ቀስ ብላ። «ኑ፣ ክንዳችሁን ስጡኝ።»

ሳንዲ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ኤልበርን መዳረሻ ድረስ ተነጋገሩ ማለት እችላለሁ። ብዙ አይደለም። «ያቺ ዓለት አባዬ መረቡን የቀደደባት አይደለችም?» «እሷ አይደለችም፣ ወዲያ ያለችው ናት።» «ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ኤክ የቀደደባት ናት።» «አንተ ደግሞ ከእኔ በላይ ልታውቅ።» ጠብ የሚመስል ነገር ነው፤ ኤፊ ግን እንደ ዘፈን ነበር የምትሰማው። አንድ ጊዜ ዞር ብላ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። እኔም፣ በዚያ ዕድሜዬ፣ ነገሩ አልቋል ብዬ አምኜ ነበር።

ኤልበርን መግቢያ ላይ ኪርስቲ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበች። «ከላይኛው መንገድ፣ ከግድግዳ ጀርባ፣ ባሕር ስታቋርጥ ኖራ አሁን ድንች የምትጠብቅ ቤት አለች። ስንት መስኮት አላት?»

ዋቲ ቆመ። «ወደ ላይ መውጣቱ ለእማዬ ይከብዳታል» አለ። «በወደቡ በኩል እንሂድ። አምስት ብለሽ ጻፊ።»

ኪርስቲ እርሳሷን አወጣች።

«ቆይ» አለ ሳንዲ። «ሳታይ እንዴት አወቅህ?»

«ከአምስት በላይ አይኖራትማ።»

«ሳታይ እንዴት አወቅህ ነው ያልኩህ።»

ዋቲ ወደ ወደቡ ዞረ። ሳንዲ የእናቱን ክንድ ቀስ ብሎ ለቅቆ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣ። ኪርስቲ ተከተለችው። ኤፊ፣ «ዋቲ፣ አውጣኝ» አለች፤ ዋቲም እየደገፈ አወጣት። እኔም ወጣሁ።

ከግድግዳው ጀርባ የአንድ ሽማግሌ የአትክልት ቦታ ነበር፤ በድንቹ መደብ ራስ ላይ የጀልባ መሪ የሚያዝበት ትንሽ የእንጨት ክፍል ተቀምጧል። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ከሥሩ ግን አረንጓዴው ይታያል፤ የ«ወርቃማ ነዶ» አረንጓዴ። ሳንዲ በሩን ከፍቶ ገብቷል። ኪርስቲ በጣቷ መስኮት ትቆጥራለች፤ «አምስት! አባዬ ልክ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሳንዲ ከውስጥ ሲወጣ የዋቲን ኮፍያ ይዟል። ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው ያገኘው። ከኮፍያው ሌላ አንድ ወንበር፣ አንድ ፔርሙዝና የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ነበር።

«አንዲት ጣውላ አልተረፈችም ብለኸኝ ነበር» አለ።

«ሰባሪው ሰውዬ ነው ያስቀረልኝ» አለ ዋቲ። «ለምኜው። መጥረቢያው ሲነሳ አይቼ አልቻልኩም።»

«ሁለት ዓመት እዚህ ትመጣለህ?»

«እሁድ እሁድ።»

«ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው እያልሽኝ» አለ ሳንዲ ወደ እናቱ ዞሮ፤ ተናዶ አልነበረም፣ የገረመው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ወንድሙ፦ «እኔ ባዶውን ውሃ ሳይ፣ አንተ እዚህ የአባዬ ቦታ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ።»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ?»

«አትናገረኝም ነበር እኮ፣ ሳንዲ። በምን ልንገርህ?»

«በርህ ፊት ለፊቴ ነው!» አለ ሳንዲ፣ ድምፁ እዚህ ላይ ነው የተሰበረው። «መንገድ መሻገር ነው። ‹ና ተነስ፣ አንድ ነገር አለ፣ እንሂድ እንየው› ማለት ነው። ጀልባዋን የሰጠሁት እኔ ብሆን እንኳ ይህን አልደብቅህም ነበር።»

 ዋቲ ጀልባዋን ለካሣ መስጠቱ ምናልባት ይቅር የሚባል ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው ሰጥቷል፣ ሁሉም ምክንያት አለው። ይህን ግን በፍቅር ነው ያደረገው፤ ለዚያ ምክንያት የሚሰጥበት ቃል አልነበረውም።

«ሳንዲ» አለች ኤፊ። «ወደቡ እዚያ ታች ነው። ይታየኛል። እዚያ ድረስ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተጣሉ።»

«ሰዎቹ እየጠበቁ ነው፣ አጎቴ» አለች ኪርስቲ።

ሳንዲ ኮፍያውን ድንቹ ላይ አስቀመጠው፤ አልወረወረውም፣ አስቀመጠው። እናቱን ጉንጯን ሳማት። ከዚያ በመጣንበት መንገድ ወደ ጉሙ ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ዋቲ ሊከተለው ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ፤ ወደ ትንሿ ክፍል ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። ኤፊ በሩን መታች። ደግማ መታች። «ልጄ፣ ውጣ» አለች። እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ከውጭ ይሰማ ነበር። አባቷን እንዳትሰማ ኪርስቲን ወስጄ የሽማግሌውን ዶሮዎች አሳየኋት።

ኤፊ በእኔ ክንድ ተደግፋ፣ ኪርስቲን በእጇ ይዛ ወደብ ደረሰች። ሰው ሁሉ ዓሣ በጥብስ ድንች እየበላ ነበር፤ ሲያያት አጨበጨበ። መዝጋቢው እንደ ልማዱ፣

«‹ወርቃማ ነዶ›! ሰው ሁሉ ገብቷል?» ብሎ ጮኸ።

ጭብጨባው ቀስ በቀስ ቆመ።

«የለም» አለች ኤፊ።

መዝጋቢው ደግ ሰው ነበር። «ግድ የለም አክስት ኤፊ፣ ከኋላ እየመጡ ነው አይደል? ልጻፋችሁ—»

«አትጻፍ። አልገባችም።» ለኪርስቲ ከሣጥኑ ከረሜላ ዘግና ሰጠቻት፤ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣም ጫማዋን ፈታች። እግሯ አብጦ ነበር።

ሳንዲ በዚያው መኸር ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒተርሄድ ወደብ ሄዶ በሰው ጀልባ ተቀጠረ። ከመሄዱ በፊት ዋቲ ያቺን ክፍል ነቅሎ፣ ጣውላ በጣውላ ተሸክሞ መጥቶ በወንድሙ በር ላይ ደረደረለት። አምስቱን መስኮቶች በጆንያ ጠቅልሎ አጠገቡ አቆማቸው። ሳንዲ ወደ ውስጥ አላስገባቸውም፤ ወደ መንገድም አልጣላቸውም። እስኪሄድ ድረስ ሲገባና ሲወጣ ይረማመዳቸው ነበር። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ወረደባቸው፣ ሰማያዊው ተላጠ፣ ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ጫናቸው። ያን ጠዋት ኤፊ ጓሯችን ድረስ መጥታ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ የልብስ ማስጫ ገመዳችንን ይዛ ቆመች። የመጣችበትን አልነገረችኝም።

የሀብት ፍለጋውን ከዚያ በኋላ ሚስዝ ፕሪንግል ብቻዋን ታዘጋጅ ነበር፤ የሚመጣው አብዛኛው ሰው በበጋ ቤት የሚከራይ እንግዳ ሆነ። ጀልባ ስለሌለው በመኪናው ስም ይመዘገባል፤ ሰሌዳው ላይ አሁን «ቀይ ቮልቮ» የሚል አለ። አንድ ቀን ሚስዝ ፕሪንግልን፣ ያን የላይኛውን መንገድ እንዴት አገኙት ብዬ ጠየቅኋት፤ በውጭ ሰው የሚገኝ መንገድ አይደለም።

«ሚስዝ ጉርሌይ ናቸው ያሳዩኝ» አለች። «ከግድግዳው ጀርባ የሚያምር ነገር አለ፣ ልጆች ይወዱታል፣ መጨረሻ ላይ አድርጊው አሉኝ።»

ኤፊ ታውቅ ነበር ማለት ነው። በስንት ዓመት የጥያቄ ፍለጋ በሦስቱም መንደሮች አንገቷን አስግጋ ያላየችበት ግድግዳ አልነበረም። የዋቲን የእሁድ መንገድ ታውቅ ነበር፤ ሁለቱን እዚያ ያደረሰቻቸውም እሷ ናት። እዚያ ሲደርሱ ምን እንዲሆን ነበር የጠበቀችው? ሁለቱ አብረው ውስጥ ገብተው እንዲቀመጡ? ወይስ ዋቲ ተሸክሞት የኖረውን ነገር እንዲያወርድለት ብቻ? መኪናው ጣውላዎቹን ከጫነበት ጠዋት በኋላ ደግሞ፣ በማን ላይ ፈረደች?

ጉልበቷ እምቢ ሲላት ዳንዲ ከተማ ያለችው የእህቷ ልጅ ልትወስዳት ሆነ። ማርች ነበር፣ ነፋስ ነበር። ዋቲ ዕቃዋን ቀድሞ በመኪና ወስዶታል፤ እሷ ግን በአውቶቡስ ካልሆነ አልሄድም አለች፤ በመኪና ስትሄድ ባሕሩ በደንብ አይታይም ብላ። ቦርሳዋን ይዤ ወደ ማቆሚያው ሸኘኋት። አሁን እጠይቃታለሁ እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት። መሀረቧን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

«አክስት ኤፊ» አልኩ።

«ጓንቴን አይተሻል? አንዱ የለም።»

«በኪስሽ ነው። አክስት ኤፊ፣ ያኔ የላይኛው መንገድ—»

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ የኤልበርን ልጅ ነበር። «ሚስዝ ጉርሌይ፣ ዳንዲ ድረስ? እዚያ ባል ሊያገቡ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ባል ምን ያደርግልኛል፣ ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ» አለች። ቦርሳዋን ከእጄ ተቀበለችኝ። በባሕር በኩል ባለው መስኮት ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። እኔ የቆምኩት በሌላው በኩል ነበር። መስታወቱን ልመታ እጄን አነሳሁ፤ አውቶቡሱ ግን ተነስቶ ነበር።